ትልቅ ከተማ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባን አይቶ ወደ ቀዬው የተመለሰን ሰው ዘመድ ጎረቤቱ ይከበዋል። «እስቲ ንገረን፣ ከተማው እንዴት ያለ ነው?» ይሉታል። አንዱ ስለ ፎቁ ያወራል። «ቀና ብዬ ሳይ ባርኔጣዬ ወደቀ» ይላል። ሌላው ስለ መኪናው ብዛት ያወራል። አንዷ ደግሞ «እዚያ እኮ ሌሊቱም ቀን ነው፤ መብራቱ አይጠፋም» ትላለች። መብራቱስ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። እሷ ባደረችበት ሌሊት ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል።

ሦስቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን አንድን ከተማ ሞቅ ያለ ትልቅ ከተማ የሚያሰኘው ፎቁ ነው? መኪናው ነው? ወይስ መብራቱ? በዚህ ትምህርት ይህን እንመለከታለን።

እስቲ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ባለ ሃያ ፎቅ ቤት ብቻውን ቆሞ በሐሳባችሁ ተመልከቱ። በዙሪያው ሱቅ የለም። ሻይ ቤት የለም። የሚወጣ የሚወርድ ሰው የለም። ይህን «ከተማ ነው» የሚል ማን አለ? ትልቅ ቤት ይባላል እንጂ ከተማ አይባልም።

አሁን ደግሞ የወረዳችሁን ከተማ አስቡ። የገበያው ቀን ቅዳሜ ነው እንበል። ቅዳሜ ጧት እህል የጫነ አህያ ከየአቅጣጫው ይገባል። ጨው ሻጩ፣ ሸክላ ሻጯ፣ በግ ነጋዴው፣ ልብስ ሰፊው ይገናኛሉ። ጠላ ቤቱ ይሞላል። ተጣልተው የነበሩ ይታረቃሉ፤ ታርቀው የነበሩም በዋጋ ይጣላሉ። የዚያ ቀበሌ ወሬ ወደዚህ ቀበሌ ይሻገራል። በማግስቱ እሑድ ከተማዋን ብታዩአት ያው መንገድ፣ ያው ቤት ነው። ሙቀቱ ግን የለም። ውሻ በመንገዱ መካከል ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

በሁለቱ ቀኖች መካከል የቤቱ ቁጥር አልጨመረም፤ አልቀነሰም። ቅዳሜ ከተማዋን ያሞቃት ብዙ ዓይነት ሰው እርስ በርሱ ተፈላልጎ በአንድ ቦታ መገናኘቱ ነው። ትልቅ ከተማ የገበያ ቀን የማያልፍበት ቦታ ነው። ሰኞም ገበያ ነው። ሐሙስም ገበያ ነው። ማታም ገበያ ነው።

የጃንጥላ ጠጋኙ ሒሳብ

አዲስ አበባ ውስጥ ክረምት ሲገባ ጃንጥላ የሚጠግኑ ሰዎች በመንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ሌላው ሰዓት ብቻ ይጠግናል። ሌላው ቁልፍ ብቻ ይቀርጻል። ሌላው ማኅተም ብቻ ይሠራል። በወረዳችን ከተማ እንዲህ ያለ ሰው የማናገኘው ለምንድን ነው? ባለ እጅ ጠፍቶ አይደለም። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። እርሳስ ያላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ ቤተሰቡን ለማስተዳደር በቀን 4 ጃንጥላ መጠገን አለበት እንበል። በክረምቱ 90 ቀን ይሠራል። ስለዚህ 4 ጊዜ 90፣ ማለትም 360 የተሰበረ ጃንጥላ ያስፈልገዋል። በአንዲት ትንሽ ከተማ 300 ጃንጥላ አለ እንበል። በየክረምቱ ከሦስቱ አንዱ ይሰበራል። ይህ 100 ጃንጥላ ነው። ሰውየው 100ውን ጃንጥላ በ25 ቀን ጠግኖ ይጨርሳል። የቀረውን 65 ቀን ምን ይብላ? ስለዚህ በትንሽ ከተማ አንዱ ሰው ጫማም ይሰፋል፣ ኮርቻም ያድሳል፣ ጃንጥላም ይጠግናል፤ ሲዘንብለት ደግሞ ያርሳል።

አዲስ አበባ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርባታል። የተሰበረ ጃንጥላ አይጠፋም። ስለዚህ ሰውየው በጃንጥላ ብቻ ይኖራል። አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሰው እጁ ይፈታል። ግን ሌላ ነገር ሁሉ ከሰው መግዛት አለበት። ምሳውን ከእንጀራ ሻጯ ይገዛል። እሷ ዱቄቱን ከወፍጮ ቤት ታመጣለች። ወፍጮ ቤቱ ሲበላሽበት መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ ዝናብ ሲመታው ጃንጥላውን ይዞ ወደ ጠጋኙ ይመጣል። ከተማውን የሚያሞቀው ይህ መፈላለግ ነው። በመንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል የምታዩት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሌላ ሰው ሊፈልግ የሚሄድ ነው።

ምን አለሽ?

ይህን በዓይናችን ለማየት መርካቶ እንሂድ። መርካቶ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ነው። በአፍሪካም ትልቁ ነው ይባላል፤ ለክቶ ያረጋገጠ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ገበያው በተራ በተራ የተከፈለ ነው። «ተራ» ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ሸማ ተራ አለ። ጎማ ተራ አለ። እናንተ የምታመርቱት ጤፍና ስንዴ የሚራገፍበት ደግሞ እህል በረንዳ ይባላል።

አንዱ ተራ ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። ስሙ ምናለሽ ተራ ነው። «ምን አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ የወጣ ስም ነው። እዚያ የሚሸጠው ሌላው ሰው የጣለው ነገር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሠፈር ነው። ጧት ጧት አንድ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት በትከሻው አንግቶ «ቁራሌው!» እያለ በየደጃፉ ያልፋል። የቤቷ እመቤት ባዶ ጣሳ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የተሰበረ ብረት ድስት ታወጣለታለች። ዋጋ ይከራከራሉ። ጥቂት ብር ይሰጣታል። እሱም የገዛውን ወደ መርካቶ ይወስዳል። እዚያ ጣሳው ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ ይለያል። ከዚያ ወዲያ መዶሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ ሲል ይውላል። በርሜሉ ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል። አሮጌው የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይሆናል። ጣሳው ኩራዝ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ከምታነቡ ሰዎች መካከል ፊደል የቆጠራችሁት በኩራዝ ብርሃን የሆነ ብዙዎች ናችሁ። ዛሬ በብዙ ቤት የፀሐይ መብራት ገብቷል። ኩራዙ ግን ገና ከመደርደሪያው አልወረደ ይሆናል። አንሱና ሆዱን ተመልከቱት። የዘይት ወይም የወተት ጣሳ የነበረበት ጽሑፍ ተፍቆ ሳይጠፋ ታገኙ ይሆናል። ያንን ጣሳ አንድ የከተማ ቤተሰብ በልቶ ጣለው። ቁራሌው ገዛው። ቀጥቃጩ ቀጠቀጠው። ነጋዴው ጫነው። እናንተ በገበያ ቀን ገዛችሁት። በዚያ መንገድ ላይ ቢያንስ አራት ሰው እንጀራውን አግኝቷል። ይህ ሁሉ ሰው ተቀራርቦ ባይኖር ኖሮ ጣሳው ከገደል ይጣል ነበር።

መቀራረብ አደጋም አለው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴ ንብረት ወድሟል። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ የእሳት አደጋ መኪና እንደ ልብ መግባት አልቻለም ነበር። ስለዚህ «ጥብብ ያለ ሁሉ መልካም ነው» ማለታችን አይደለም። የእሳት አደጋ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ለገበያም እንደ ውኃ ያስፈልገዋል።

ሰላም የማይሉ ሰዎች

ከገጠር የሚመጣን ሰው በከተማ የሚያስቀይመው አንድ ነገር አለ። ሰው ሰላም አይልም። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ዝም ብሎ ያልፋል። «እነዚህ ሰዎች ሰው ይንቃሉ» ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

ይህንንም በሒሳብ እንየው። ከፒያሳ ተነሥታችሁ እስከ ለገሃር በእግር ስትወርዱ 2,000 ሰው አጠገባችሁ አለፈ እንበል። እያንዳንዱን «እንደምን አደሩ? ልጆቹስ? ከብቱስ? አዝመራውስ?» ብትሉ፣ ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። በደንብ ሰላም ከተባባልንማ ግማሽ ደቂቃም አይበቃ። 2,000 ሰው በግማሽ ደቂቃ 1,000 ደቂቃ ነው። ከ16 ሰዓት ይበልጣል ማለት ነው። ጧት የተነሣ ሰው ለገሃር የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከንፈሩም ይደርቃል።

ስለዚህ ከተማው ሌላ ዓይነት መከባበር አበጅቷል። ጧት ወይም ማታ የታክሲውን ሰልፍ ተመልከቱ። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ሽማግሌው በአንድ መስመር ይቆማሉ። አንዱ የሌላውን ስም አያውቅም። የትውልድ አገሩን አይጠይቅም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። ሰው ሰብሮ ሊገባ ቢል ግን ከወዲያም ከወዲህም «ወንድሜ፣ ሰልፉን ጠብቅ!» ይባላል። ለደከመ ሽማግሌ ደግሞ «አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» የሚል አይጠፋም። የማይተዋወቅ ሕዝብ በአንድ ደንብ ሲገዛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመንደራችን ደንብ የሚያስከብረው ዝምድናና እድር ነው። በከተማ የማንም ዘመድ ያልሆነ ሰውም ተራው ይጠበቅለታል።

ሠፈርና ሜዳ

አዲስ አበባ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረችም። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ቀድሞ ይቀመጡ የነበረው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። እንጦጦ ብርድና ነፋስ ይበዛበታል። ከተራራው በታች ፍልውሃ አለ። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ስለ ወደዱት በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ፤ ቦታውም አዲስ አበባ ተባለ። መኳንንቱ በየፊናቸው ቦታ ተሰጣቸው። ወታደሩና ሎሌው በጌታው ዙሪያ ሠፈረ። «ሠፈር» የምንለው ቃል ከዚህ መስፈር የመጣ ነው። ደጃች ውቤ ሠፈር የሚባለው ስም እስከ ዛሬ አለ።

በአንዱ ሠፈርና በሌላው መካከል ግን ሜዳና ወንዝ ነበር። ማታ ጅብ ይጮኽበታል። እንጨቱም ተቆርጦ አለቀ። ማገዶ ስለ ጠፋ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማውን ያዳነው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ አደገ፤ ማገዶም ማገርም ሆነ። ዛሬ በየማሳው ዳር የምትተክሉት ባሕር ዛፍ ዋና ከተማ ከመነቀል አድኗል። በኋላ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ።

በዚያ ዘመን ከተማው የሚሞቀው አራዳ ላይ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትልቅ ገበያ ይቆማል። ገበሬው እህሉንና ቅቤውን ይዞ ይመጣል። የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች በአካባቢው ሱቅ ከፈቱ። ከየሠፈሩ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ወርረው በቆዩበት ጊዜ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ፈለጉ። የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ገፉት። መርካቶ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ፒያሳም አደባባይ ማለት ነው። እነሱ ሄዱ። ስሞቹ ቀሩ። የተገፋው ገበያም ከአራዳ የበለጠ ትልቅ ሆነ።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.

አራዳ፣ ወይም ፒያሳ፣ ገበያው ከሄደ በኋላም ሙቀቱን አላጣም። ወርቅ ቤቶች፣ ሲኒማ ቤቶች፣ ኬክ ቤቶች፣ መጻሕፍት ሻጮች ነበሩት። ከኋላ ደግሞ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ፎቅ ቤት የሚሠራውና ከጓሮ የሚኖረው ሰው በአንድ በር ይወጣ ይገባ ነበር ለማለት ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን ሠፈር ጨምሮ በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። መንገዱ እንዲሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃና አዲስ ቤት እንዲሠራ ነው የፈረሱት። ብዙ ነዋሪዎች ከዚያ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ።

በዚህ ነገር ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ የለውም። ሁለቱንም ወገን መስማት ይገባል። አሮጌዎቹ ቤቶች ያፈስሱ ነበር። ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ይጠቀም ነበር። አሁን የተሠራው የእግረኛ መሄጃ ሰፊ ነው፤ ማታ መብራት አለው፤ ሰው ከልጁ ጋር ይንሸራሸርበታል። ይህ መልካም ሥራ ነው።

በሌላው በኩል ደግሞ በመንገድ ዳር የጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት አለች እንበል። ደንበኞቿ የወርቅ ቤት ሠራተኞች፣ ጫማ አሳማሪዎችና የታክሲ ረዳቶች ናቸው። ቀን ባይቀናት እንኳ ማታ ጎረቤት አለላት። ወደ ከተማው ዳር ስትዛወር የተሻለ ቤት ታገኝ ይሆናል። ውኃው በቤቷ ውስጥ ይወርድላት ይሆናል። ግን በሩን ከፍታ ጀበናዋን ስትጥድ የሚያልፍ ሰው የለም። ጎረቤቶቿም እንደ እሷ ከሌላ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ወደ ድሮው ቦታዋ ለመሄድ ታክሲ ሁለት ጊዜ ትለውጣለች። ለታክሲ የምትከፍለው ደግሞ የቡናውን ትርፍ ይበላዋል። ለዚች እናት ሃያ ዓመት የለፋችበት ሀብቷ ደንበኛዋ ነው። ቤት ሲለካ ደንበኛ አይለካም።

እንደ እኔ አስተያየት የሚያሠጋው አሮጌ ቤት መፍረሱ አይደለም። አሮጌ ቤት ይፈርሳል፤ አዲስ ይሠራል። የሚያሠጋው ሀብታምና ድሃ፣ ባለ ሱቅና ባለ ጉሊት፣ ጠጋኝና አስጠጋኝ የሚገናኙበት ቦታ እየተለያየ መሄዱ ነው። ያማረ መንገድ ተሠርቶ ሁለት ወገኑ ረጅም አጥር ቢሆን፣ ሰው በመኪና ያልፍበታል እንጂ አይውልበትም። አበባው ውኃ የሚያጠጣው ሰው ብቻ ያየዋል።

የእኛስ ከተማ?

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የወረዳ ከተሞችም እያደጉ ነው። አስፋልት ይመጣል፤ መብራት ይገባል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ሐሳብ ይነሣል። «ገበያው መንገድ አጣበበ፤ ቆሻሻ አበዛ፤ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሜዳ ይዛወር» ይባላል። ስብሰባ ይጠራል። ገበሬውም ከኋላ ተቀምጦ አጨብጭቦ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የከብት ገበያ ከመካከል ቢወጣ መልካም ነው። ከብት ይረግጣል፤ ፋንድያውም ዝንብ ያመጣል። እህሉ፣ ቅመሙ፣ አትክልቱና ሸማው ከመካከል ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። እህሏን ሸጣ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሱቅ የምትሄድ ሴት ሁሉንም በአንድ ጧት ትጨርስ ነበር። ገበያው ግማሽ ሰዓት ቢርቅ ሸክሟን ይዛ ትመላለሳለች፤ ወይም አንዱን ጉዳይ ትተዋለች። ሻይ ቤቱ ደንበኛ ያጣል። ልብስ ሰፊው መኪናውን ተሸክሞ ሜዳ መውረድ አለበት። ከተማዋ በገበያው ቀንም እንደ እሑድ ትሆናለች።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ የሚጠየቅ ብዙ ነገር አለ። የእሳት አደጋ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ቢወጣለት፣ መጸዳጃ ቢቆፈርለት፣ የቆሻሻ መጣያ ቢበጅለት፣ ገበያው በቦታው ሊቆይ አይችልም ወይ? አዲሱ ቦታ ከወፍጮ ቤቱና ከጤና ጣቢያው ስንት እርምጃ ይርቃል? ጥላ አለው? በክረምት ይጨቀያል ወይ? ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ይዞ ይግባ። በቃል የተነገረው በጭብጨባ መካከል ሊጠፋ ይችላል። የተጻፈው ግን ከቃለ ጉባኤው ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ለመወያየት

1. በወረዳችሁ ከተማ አንድ ሥራ ብቻ ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች አሉ? ምን ይሠራሉ?

2. በቤታችሁ ካለው ዕቃ መካከል ከተጣለ ነገር የተሠራ የትኛው ነው? በስንት ሰው እጅ አልፎ የደረሳችሁ ይመስላችኋል?

3. አንድ ልብስ ሰፊ በገበያ ቀን 12 ልብስ፣ በሌላው ቀን 3 ልብስ ይሰፋል። በሳምንት 1 የገበያ ቀንና 5 ሌላ የሥራ ቀን ቢኖር በሳምንት ስንት ልብስ ይሰፋል? ገበያው ቢርቅና በገበያው ቀንም 3 ብቻ ቢሰፋስ?

4. የገበያችሁን ቦታ በወረቀት ላይ ሥሉ። ወፍጮ ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ትምህርት ቤቱንና የውኃ ቦታውን አመልክቱ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በእርምጃ ቆጥራችሁ ጻፉ።